የተቅዋ ስፌት

ጅቡቲ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ በሞተ ቁጥር አለቆቿ የሚጠሩት ኢንስፔክተር ሐዲጃን ነበር፤ የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ መሆኗ ያተረፈላት ይህንኑ ነው። ሥራው እጅ እጅ ብሏታል።

የዛሬዋ ሟች ተቅዋ የእንስሳት በሽታ ተመራማሪ ነበረች። የናሙና ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተሯ ሥር ወድቃ ተገኘች። ናሙናዎቹን የሚያቀዘቅዘው የናይትሮጅን ጋን ተከፍቶ አየር አሳጥቷታል፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ዘበኛው ነጅሙዲን እጁ በካቴና ታስሮ ያለቅሳል።

«ወላሂ አልቀረቀርኩም፣ እትዬ! ጠዋት ‹ግጥምጥሙ ካላለቀ አልወጣም› ብላኝ ገባች። ሌላ አላውቅም።»

የተቅዋ የሥራ ጓደኛ ከውሰር ከግመሎች ማቆያ ከነአቧራዋ ደረሰች።

«ግጥምጥሙ ምንድን ነው?» አለቻት ሐዲጃ።

«የእንስሳ ዘረመል ሲነበብ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ያንን በኮምፒውተር መግጠም የሚችለው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሳቢት ብቻ ስለነበር ስንት ወር ደጅ ጠንተነዋል! ተቅዋ ግን ማንም በአማርኛ፣ በሶማሊኛ እያነበበ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንዲሠራው አደረገች። ‹ግጥምጥም› በሚለው ቃሏ እንስቅባት ነበር። ዛሬ ከቀትር በኋላ ደወለችና፣ ‹የእማዬ ሙዳይ ትዝ ብሎኝ ስሙን ቀይሬ ስፌት አልኩት፤ አሁን ስክሪኑ ላይ ጻፍኩት› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልተነሳም።»

«አዲሱን ስም ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

ሳቢት ራሱ ጉንጩ በጫት እንዳበጠ መጣ።

«እኔ ከረፋዱ ጀምሮ መብረዝ፣ ጫት ቤት፣ ቁጭ ብዬ ስቅም ነበር። ምስኪን! ስፌቱን አስጀምራ ስትጠብቅ፣ ይሄ ደንቆሮ ዘበኛ ሳያይ ቀርቅሮባት ነው።»

ሐዲጃ ሦስቱንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበች። እግሯ ስላበጠ ቁጭ አለች።

«የነጅሙዲንን ካቴና ፍቱለት። እሱ ‹ግጥምጥም› ነው ያለው፤ የጠዋቱን ቃል። ‹ስፌት› የተወለደው ከቀትር በኋላ ነው። የሰማችው ከውሰር ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር የግመሎቹ ማቆያ ነበረች። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም። ቃሉን ለማየት እዚያ ክፍል መግባት ግድ ነው። ሳቢት፣ ለአንተ ማን ነገረህ?»

ሳቢት ጫቱን ተፋ።

«ሁሉም በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው» አለ ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል?»

ሐዲጃ ካቴናውን ለእሱ እንዲያደርጉለት በእጇ አመለከተች። ሰው በዚህ ምክንያት ይገደላል ብሎ ማሰቡ ራሱ አደከማት።

ክፍሉ ተናፍሶ ሲገቡ ስክሪኑ አሁንም በርቷል። ነጅሙዲን ካቴናው የላጠውን እጁን እያሻሸ ጠጋ አለና፣ ፊደል በፊደል አነበበ፦

«ስፌቱ... አልቋል።»

ወደ ከውሰር ዞሮ፣ «ይሄንንማ እኔም አነበዋለሁ!» አላትና እንደገና አለቀሰ።