የውጤቱ ገጽ ለምን ወደቀ?

«ወደቀ!» አለ ፌንጣ የኮምፒውተር ክፍሉን በር በርግዶ። «ገጹ ጭራሽ አይከፈትም! ተማሪው ሁሉ ውጤቱን ሊያይ ስልኩ ላይ አፍጧል።»

መርማሪዋ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ካልገባት እህል አይወርድላትም። ድረ ገጹን የሠሩት እሷና ፌንጣ ናቸው። ትናንት ሲሞክሩት እንዴት ያለ ፈጣን ነበር! ዛሬ ምን ነካው?

ምክትል ርእሰ መምህሩ ተከትለው ገቡ። በቁጣ ጦፈዋል።

«አንተ!» አሉ ፌንጣን። «ሰኞ ዕለት ‹ይህን ገጽ በአንድ ጣቴ እጥለዋለሁ› ስትል በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከኮምፒውተር ክበቡ ወጥተሃል!»

«ኧረ ቲቸር፣ ቀልዴን እኮ ነው! እኔ ምንም...»

«ቀልዱን ለወላጅህ ትነግራለህ። ነገ ይዘህ ና።» በሩን ድርግም አድርገው ወጡ።

«አለቀልኝ» አለ ፌንጣ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይሄው ነው።»

መርማሪዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። ገጹ የተጫነበት ኮምፒውተር ማን መቼ ገጹን እንደጠየቀ የሚመዘግብበት ፋይል አለ፤ ከፈተችው።

«እየው! ይሄ ስልክ በየሰከንዱ ገጹን ይጠይቃል። ይሄኛውም። ያኛውም። ሰው በዚህ ፍጥነት አይነካካም።»

«ቫይረስ ይሆን?»

«ቆይ እስቲ።»

ድንገት ብልጭ አለላት። ትናንት፣ ፌንጣ ከሄደ በኋላ፣ ማንም እንዳይጠብቅ ብላ ገጹ በየሰከንዱ ራሱን እንዲያድስ አንድ የኮድ መስመር ጨምራ ነበር። ስትሞክረው ሸጋ ሆኖ ሠራ። ግን የሞከረችው በአንድ ስልክ ነው! ዛሬ ስምንት መቶ ስልክ በየሰከንዱ ሲጮህበት ያ አሮጌ ኮምፒውተር ለየትኛው ይመልስ? አይ ጉድ! ምስጢሩን በማግኘቷ ደስ ብሏት ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባት።

መስመሩን አጥፍታ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣችው። ወዲያው ከውጭ የተማሪዎች የደስታ ጩኸትና ፉጨት ተሰማ።

ምክትሉ እየሳቁ ተመለሱ። «ጎሽ የኔ ልጅ! እሱ ያበላሸውን አንቺ አቀናሽው። የክበቡ መሪ አንቺ ነሽ።»

ፌንጣ ቦርሳውን አንሥቶ ወደ በሩ አመራ። መርማሪዋ ያጠፋችውን መስመር ስክሪኑ ላይ ባዶ ፋይል ከፍታ መልሳ ጻፈችው። አጠገቧ ያለውን ወንበርም ሳበች።

«ቲቸር፣ እዚህ ይቀመጡ። ፌንጣ፣ አንተም አትሂድ። ትናንት የጻፍኩትን ላሳያችሁ።»