ወለተሐና አየሁት ያለችው ፊት

ወለተሐና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ነገሌ ቦረና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ነው። አባቷ ከጎጃም መጥተው በመሬት ጽሕፈት ቤት ይሠራሉ። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች የነገሌ ልጅ ናት። በአማርኛ ትጸልያለች፤ በኦሮምኛ ትጣላለች።

ልጆች፣ ይህ የሆነው ዝናብ በጠፋበት ዘመን ነው። የመጋቢቱ ዝናብ ቀረ። የመስከረሙም ቀረ። ደግሞ የመጋቢቱ ቀረ። ከቆላ በሚመጡት መኪኖች ላይ በከብት ፋንታ ቆዳ ተጭኖ ይታይ ነበር። እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ትልልቆቹ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፊቱን አዞረብን» ይባባላሉ። የማን ፊት እንደሆነ አይናገሩም። ይታወቃል።

*

እሑድ ነው። በቅዳሴ ሰዓት ልጆች ከፊት ይቆማሉ። ከፊታቸው መጋረጃው አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ መቅደሱ። እዚያ የሚገቡት ቀሳውስትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው ሌላ ያወራሉ። እግዚአብሔር የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ያየው ሰው ዓይኑ ይጠፋል ይላሉ። ማን እንደነገራቸው አያስታውሱም።

በዚያ ቀን አቧራ የያዘ የቆላ ነፋስ በበሩ ገባ። የመጋረጃው ጠርዝ ብድግ አለ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

ወለተሐና ዓይኗን ግጥም አድርጋ ጨፈነች።

ስትገልጠው መጋረጃው ወርዷል።

*

ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ በግቢው ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው የሰንበት ትምህርት ቤቱን መምህር ባስልዮስን ይጠብቁ ነበር።

«ሥላሴ በሥዕሉ ላይ ለምን ሁሉም ሽማግሌ ናቸው?» አለ ጉዮ።

«ልጅ ቢሆኑ ማን ይሰማቸዋል?» አለ ናሆም። ናሆም የወታደር ልጅ ነው፤ ካምፕ ውስጥ ነው የሚኖሩት። «እግዚአብሔር ማዕረግ አለው። ከጄኔራል በላይ።»

«ከጄኔራል በላይ ምን አለ?»

«አለ። አንተ አታውቀውም።»

«እኔ እንደ አያቴ ይመስለኛል» አለ ጉዮ። «ጥቁር፣ ረጅም።»

«አያትህ ጥርስ የላቸውም!»

ሳቁ። ወለተሐና ልትናገር ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ማንም ወደ እሷ አልዞረም። ጉዮ ሲናገር ይስቃሉ፤ ናሆም ሲናገር ያምናሉ። እሷ ስትናገር እንደ ዝንብ ድምፅ ነው፤ ማን ይሰማታል?

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ዛሬ። መጋረጃው ሲነሣ።»

«ውሸታም! እስቲ ማርያምን በይ!»

ልጆች፣ እዚህ ላይ መመለስ ትችል ነበር። «ስቀልድ ነው» ብትል ነገሩ ያልቃል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ማርያምን!» አለች ወለተሐና።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ዘነበ። «ሽጉጥ ታጥቋል?» አለ ናሆም። አልታጠቀም፤ ግን ዙፋኑ ጣራ ይደርሳል። «ጢሙስ?» ነጭ፤ እስከ ጉልበቱ። አንዱን ስትመልስ ሌላው ይመጣል፤ እየመለሰች በሄደች ቁጥር የተናገረችውን ራሷም ማየት ጀመረች።

ከሁሉም ኋላ ሩቲ ነበረች። ሩቲ ከዳዋ ወንዝ በታች ካለው ቆላ የመጣችው ከሰባት ወር በፊት ነው፤ ከአክስቷ ከእትዬ ጠጂቱ ጋር ትኖራለች። አባቷ ቦናያ ከቀሩት ከብቶች ጋር እዚያው ናቸው። በትምህርት ቤት ከወለተሐና ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ሩቲ ብዙ አትናገርም።

«ፊቱ ወዴት ነበር?» አለች።

ወለተሐና ይህን አላሰበችበትም። ቶሎ መመለስ ነበረባት። በጆሮዋ የኖረው ቃል መጣላት።

«አዙሮታል» አለች፤ እንደ ትልልቆቹ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለቆላው ጀርባውን ሰጥቷል።»

ጉዮ እንኳ ሳቁን አቆመ። ሩቲ ሌላ አልጠየቀችም።

*

ያ ሳምንት የወለተሐና ሳምንት ነበር። ናሆም ቦርሳዋን ተሸከመላት። ከሌላ ክፍል የመጡ ልጆች ሳይቀሩ «ያየችው እሷ ናት» እየተባባሉ በጣት ይጠቁሟታል።

ሰኞ ሩቲ ዳቦዋን ለጉዮ ሰጠች። ማክሰኞም ሰጠች። ረቡዕ፣ ጾም ስለሆነ ይሆናል ብላ ወለተሐና አለፈችው። ሐሙስ ሩቲ ሰሌዳ ልታጠፋ ተነሣችና ጉልበቷ ከድቷት ተመልሳ ተቀመጠች።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ጠጂቱ በሰማያዊው በር ገቡ።

«አካም ወለቴ? ናጋ? ደኅና ነሽ?»

«ናጋ ነው፣ እትዬ።»

«ይቺ ልጅ ምን ሆነችብኝ? ስሰጣት አትበላም። ወተት አመጣላታለሁ፣ ታለቅሳለች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ሕመም የለባትም አሉኝ። ጓደኛዋ ነሽ፤ ለአንቺ ትነግርሻለች። በሞቴ ጠይቂልኝ።»

*

ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ተቀመጡ።

«ለምን አትበይም?»

ሩቲ መሬቱን እያየች ተናገረች።

«ከላሟ አራት ጡት ሁለቱ የእኛ ነው፤ ሁለቱ የጥጃው። እኔ ማንም ሳይነሣ የጥጃውን እያለብኩ ጠጣሁ። በመዳፌ። ሦስት ቀን። ከዚያ ጥጃው ሞተ። ከዚያ ሌሎቹም መሞት ጀመሩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንቺ ስትነግሪን አወቅሁ። ዋቃ ፊቱን ያዞረው በእኔ ነው። ካልበላሁ ምናልባት ይመለስ ይሆናል።»

እውነቱ የወለተሐና ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ነገር ግን እውነቱን ብትናገር ቦርሳዋን ማን ይሸከማል? ማን ወደ እሷ ይዞራል? ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዘች። ውሸቱን በማር ቀባችው።

«ሩቲ፣ ስሚኝ! ትናንት ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደግሞ አየሁት። ተመልሷል። ወደ ቆላው ዞሮ ፈገግ ብሏል!»

ሩቲ ቀና አለች።

«ትናንት?»

«ትናንት።»

«ትናንት አባቴ ደውሎ ነበር። አምስት ከብቶች ሞቱ አለን። በአንድ ቀን።» ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «እነሱ ሲሞቱ እያየ ነው ፈገግ ያለው?»

ወለተሐና ተነሥታ ሮጠች።

*

መምህር ባስልዮስ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ይደረድሩ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው። አልጮኹባትም። ከያዙት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ይህ ከጩኸት ይልቅ አስፈራት።

«በእመቤታችን ስም በሐሰት ምለሻል፤ ለንስሐ አባትሽ ትናገሪያለሽ። እሑድ ደግሞ ለልጆቹ ሁሉ ትነግሪያለሽ። ለሩቲ ግን ዛሬ። የተራበ ሰው እሑድን አይጠብቅም።»

ወለተሐና እንባዋን ጠረገች። «መምህር፣ ታዲያ ምን ይመስላል?»

መምህሩ አሰቡ።

«ሰው ሆኖ በመጣ ጊዜ ያዩት ሰዎች ነበሩ። አብረውት በልተዋል። አብረውት ብዙ መንገድ ሄደዋል። ቁመቱን ጻፉልን? የዓይኑን ቀለም ጻፉልን? አልጻፉም። የተራቡትን እንዳበላ ጻፉ። ወዳጁ መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ ጻፉ። ከመልኩ ይልቅ ይህን እንድናውቅ ፈለጉ።»

«ሥዕሉስ?»

«ሠዓሊው በዓይኔ አየሁ አላለም፤ አባቶች ያስተማሩትን ጾሞ ጸልዮ ሣለ። አንቺ ግን አየሁ አልሽ። በይ ሂጂ።»

*

ሩቲ በቤታቸው ደጃፍ ላይ ነበረች። እትዬ ጠጂቱ አጠገቧ ልብስ ያጥባሉ። ወለተሐና ቆማ ተናገረች፤ መቀመጥ አልቻለችም።

«ምንም አላየሁም። ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ፊቱን አዞረ ያልኩትም፣ ፈገግ አለ ያልኩትም ከራሴ ነው። ይቅር በይኝ።»

ሩቲ አየቻት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀል ነበር።

«ጥጃው ግን ሞቷል» አለች። «እሱ ውሸት አይደለም።»

እትዬ ጠጂቱ እጃቸውን ከውኃው አወጡ። «የምን ጥጃ?» ሩቲ ነገረቻቸው። እሳቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ስልካቸውን አወጡ። «የጥጃው ባለቤት አባትሽ ነው። ለእሱ ንገሪው።»

ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው የአባቷ ድምፅ ከነፋስ ጋር መጣ። ሩቲ በኦሮምኛ ሁሉንም ተናገረች፤ ሦስቱን ቀን፣ መዳፏን፣ ጥጃውን።

ከዚያ «አውቃለሁ» አለ ድምፁ።

«ታውቃለህ?»

«ሦስቱንም ጠዋት በረቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጠግበሽ እስክትነሺ እጠብቅሽ ነበር። ጥጃው ያኔ መጥባት አቅቶት ነበር፣ ልጄ። ቢሰጡትም አይጠባም። ወተቱን ማን ይጠጣው?»

«ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ርቦሽ ነበራ!» አሉ። ቀጥለውም «ዛሬስ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«እኔ እዚህ የቀሩትን ከብቶች ላስብ ወይስ አንቺን ላስብ? ብይ እንጂ!»

ሩቲ እየሳቀች አለቀሰች። እትዬ ጠጂቱ «ዓርብ ቢሆንም ለደከመ ይፈቀዳል» ብለው ወተት በብርጭቆ አመጡላት። በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፤ በመሃል ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም።

ወለተሐና ኦሮምኛውን ሁሉ ሰምታለች። ስለ እግዚአብሔር አንድ ነገር ልትናገር ፈለገች፤ ዋጠችው።

*

እሑድ ግራሩ ሥር ቆማ ለሁሉም ተናገረች። ምንም ሳትደብቅ እስከ መጨረሻው ደረሰች።

«ውሸታም!» አለ ናሆም። «እኔ እኮ ቦርሳሽን ተሸክሜልሻለሁ!»

«የሳምንቱን ሁሉ አሁን እሷ ትሸከምልህ» አለ ጉዮ። ሳቁባት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዛሬ ፈተና አለ ብትላቸው እንኳ ሌላ ሰው ይጠይቁ ነበር። በማርያም ስም ስለ ማለችውም የንስሐ አባቷ ስግደት ሰጧት፤ ጉልበቷ እስኪያብጥ ሰገደች።

ዝናቡ በዚያ ሳምንት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ኢክራን የምትባል የጎረቤት ልጅ፣ ወሬው ዘግይቶ የደረሳት፣ ወለተሐናን መንገድ ላይ አቆመቻት። «እግዚአብሔርን ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ። ምን ይመስላል?»

ሩቲ አጠገቧ ቆማ ዳቦ ትበላ ነበር። ማኘኳን አቁማ ጠበቀች።

«አላየሁትም» አለች ወለተሐና። «አላውቅም።»

ሩቲ ዳቦውን ቆርሳ ግማሹን ሰጠቻት።

ልጆች ሆይ፣ ስለ እግዚአብሔር ያላየነውን አየን ብለን አንናገር፤ እንዲህ ያለው ውሸት የሌላውን ሰው ነፍስ ያስርባልና።