የድሬ ሰባት ሰዓት

ፍላሹ የመጣው በሳምቡሳ ፌስታል ውስጥ ነው።

«ሰክተህ ውጣ፣ ወላል፣ ወንድሜ» አለ ሲያድ ከባጃጁ ሳይወርድ። «ሰባት ሰዓት ላይ ራሱ ይነሳል።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ማየት አታብዛ፣ አቦ!»

ባጃጁ ወደ ሳቢያን ሰፈር ተፈተለከ።

ሲያድ ፍላሹን የተቀበለው ሰላይ አለቃ ነው። ሰላዩ በሲያድ መዝገብ «ቆንጥር» ይባላል፤ በመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ኒቆዲሞስ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለው። በሆዱ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ አካል የሌላቸው ኮምፒውተሮች፣ ይኖራሉ። ለየሰዉ ይከራያሉ። አንዷን የተከራዩት ኮንትሮባንዲስቶች ናቸው። ማሽኖቹ ከትልቁ ጋር የሚነጋገሩት በጋራ ሣጥን ነው፦ ደብዳቤ ያስቀምጣሉ፣ ርዝመቱን ይጽፋሉ፣ ይደውላሉ። ትልቁ ያነባል። ሣጥኑን የነደፈው ኒቆዲሞስ ነው። ፍላሹ የኮንትሮባንዲስቶቹን ደብዳቤ ይጠልፋል ተብሏል።

አብራው የምትሠራው ናዲፋ የማሽኖቹን ክፍል ቆልፋ ለምሳ ወጣች። «አንተን አይርብህም እንዴ? ብረት ነህ?»

ፍላሹን በጠረጴዛው ኮምፒውተር ሰካው። ጫነው። ከዚያ አነበበው።

ከመጀመሪያው ደግሞ አነበበው።

አዲሱ ፕሮግራም የደብዳቤውን ርዝመት ይለካል፤ ከዚያ ተመልሶ ከዚያው ሣጥን ያነባል። በመሀል የኮንትሮባንዲስቶቹ ማሽን ደብዳቤውን መቀየር ትችላለች፤ ዞር ስትል የመዘነልህን ቲማቲም እንደሚለውጥ ነጋዴ። አጭር አስለክታ ረጅም ታስገባለች። ሞልቶ ይፈስሳል። ጥሳ ትልቁ ውስጥ ትገባለች።

ትልቁ ውስጥ የምስክሮች አድራሻ አለ። በኮንትሮባንዲስቶቹ ላይ የምትመሰክረው የዓኒሳም። «ማንም አያገኝሽም» ብሎ እንድትመሰክር ያሳመናት እሱ ነው።

ሲያድ ሸጧታል።

ሊያጠፋው ሞከረ። እንቢ አለ። አዲስ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። የቀረው ሁለት ደቂቃ ነው።

ሰባት ሰዓት።

ምንም።

ሰባት ከአንድ። ምንም።

ትእዛዙን አየ፦ «7»። የትልቁ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር «13» ይላል። ሲያድ የጻፈው የድሬን ሰባት ነው። ትልቁ የሚያውቀው ሰባት ግን ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው።

ስልኩ ጮኸ፤ ሲያድ ነው።

«ተከፈተ?»

«ተከፈተ።»

«ታዲያ እዚህ ምንም አይታይም!»

እዚህ። ሲያድ ከኮንትሮባንዲስቶቹ ጋር ተቀምጧል።

«ኔትወርክ ነው። የድሬን ኔትወርክ አታውቀውም? እስከ ነገ ታገስ።»

ዘጋ። መጻፍ ጀመረ። ትልቁ ደብዳቤውን መጀመሪያ ወደ ራሱ ጓዳ ይገልብጥ። ግልባጩን ይለካ። ወደ ሣጥኑ አይመለስ። ጨርሶ ሁሉንም ማሽን አጥፍቶ አስነሳ።

ናዲፋ እየሮጠች ገባች። «ደንበኞቹ ሁሉ እየጮሁ ነው! በአንተ ስም ነው የጠፋው!»

ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ወላሂ፣ ዋስ ሆኜ ያስቀጠርኩህ እኔ ነኝ! ማነው የገዛህ?»

ከነገራት ትጮኻለች። ከጮኸች ሲያድ ይሰማል።

«አያገባሽም» አላት።

በጥፊ አጮለችው። ጥበቃው ከመምጣቱ በፊት በጓሮ ወጣ። ከሲያድ በላይ ላሉት አለቆች ክህደቱን የሚናገር አንድ መልእክት ላከ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የኮንትሮባንዲስቶቹ ማሽን አጭር አስለክታ ረጅም ለማስገባት ሞከረች። ተከለከለች። ትእዛዙ የመጣበትም ቤት ተመዘገበ። ፖሊስ ሳቢያን ሲደርስ ሲያድ ገና ቁርሱን አልጨረሰም።

ዓኒሳ በሳምንቱ መሰከረች።

ኒቆዲሞስ በዚያ ቀን በሌላ ስም፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። በመስኮቱ ሲያይ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ናዲፋ ወረቀት እየለጠፈች ነው። የእሱ ፎቶ። ከሥሩ «ሌባ» ይላል። ማጣበቂያው አልይዝ ብሏት በመዳፏ ትደበድበዋለች።

«ወራጅ አለ?» አለ ሾፌሩ።

«የለም፣ ንዳው» አለ ኒቆዲሞስ።