አዛውንቱ ያኘኩት ስንዴ

የዘር ማሻሻያ ጣቢያው ኃላፊ ቃናፊያ፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት «አጋ» የሚላቸው፣ የሞቱት ዋግ ከጨረሰው ማሳ ዳር፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳኖሩ ነው። ያን ዓመት በኮስታናይ ሜዳ የዋጉ ቀይ ብናኝ የሰውን ሱሪ እስከ ጉልበት ያቀላ ነበር።

መርማሪዋ ራውሻን ጎንበስ አለች። ሽማግሌው ያኘኩት ስንዴ ጉንጫቸው ውስጥ ሙጫ ሆኖ ቀርቷል፤ በወረንጦ ስትስበው ተለጠጠ እንጂ አልተበጠሰም። እጃቸው ላይ ያለው የወረቀት ከረጢት «ቁጥር 31» ይላል።

«መርዙ ከስንዴው ጋር ነው የገባው» አለ ሐኪሙ።

በዘር ማሻሻያ ጣቢያው የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዘበኛውን ሳፓርባይን አስቀደመች።

«አጋ ሳያኝኩ ስንዴ አያምኑም ነበር» አላት። «‹አራት ጥርስ ቀርቶኛል፣ ለእነሱም ሥራ አለኝ› ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

«ምን ፍለጋ?»

«ዋግ የማይደፍረው፣ ሲያኝኩት ሙጫ ሆኖ ዳቦውም የሚነፋ ስንዴ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ዋጉን የቻለው ዳቦው ድንጋይ ሲሆንባቸው ኖረ። አምና ቁጥር ዘጠኝን አገኙ። ያለችው አንዲት ከረጢት ዘር ናት፤ እሷ ከጠፋች፣ ልጄ፣ አለቀልን።»

ዳቦ እየጋገረች የምትፈትነው አሮጊቷ ኤርና እጇን ዘረጋችላት። «31 ያለው እኔ ክፍል ነው። እሰሪኛ!»

«ማን ልሰርዎት አለ፣ አፓ?»

«አገሩ ሁሉ!»

ምክትሉ ቶሌገን ግን ረጋ ያለ ነው። የእሱ ስንዴ ወረዳውን ሁሉ አዳርሷል። «እኔ የቅጠል ሰው ነኝ፤ የዋግ ነጠብጣብ እቆጥራለሁ። ዳቦ የኤርና ጉዳይ ነው» አለ።

«እሱማ ዳቦም በወረቀት ነው የሚበላው» አለች ኤርና።

ራውሻን ሦስቱንም መጋገሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከኤርና መደርደሪያ ንጹሑን 31 አውርዳ በየመዳፋቸው አፈሰሰች። «አኝኩ።»

«ልትጨርሺን ነው እንዴ?» አለ ሳፓርባይ። እሷ ቀድማ ቃመች።

ጥቂት ቆይቶ ሳፓርባይ እንትፍ አለው። «አሸዋ ነው፤ ሙጫ የለውም።»

«31 ነዋ! ዳቦው ጡብ ነው» አለች ኤርና።

ቶሌገን አኝኮ ውጦታል። «ያው ስንዴ ነው» አለ።

«አጋ አፍ ውስጥ የነበረው ግን እንደ ጎማ ይለጠጣል» አለች ራውሻን። «ስለዚህ የገደላቸው 31 አይደለም። ከሞቱ በኋላ ከረጢቱን የቀየረው ሰው አፓ ኤርናን ሊያስጠረጥር ነው። እነዚህ ሁለቱ ቢሆኑ አፍ ውስጥ የቀረው ሙጫ እንደሚያጋልጣቸው ያውቃሉ፤ የማያውቀው አኝኮ የማያውቅ ነው። ዘንድሮ ዋጉ ሌላውን ሁሉ አሟሽሾታል፣ እንዲህ የሚለጠጥ ዘጠኝ ብቻ ነው። የዘጠኝ ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱን አጋ ኪስ አገኘሁት። ሌላው አንተ ጋ ነው፣ ቶሌገን። ጠዋት መርዝ ለውሰህ ‹ዘጠኝን ይቅመሱት› ብለህ ሰጠሃቸው።»

ቶሌገን ቀና አላለም። «የእኔን ስንዴ ጋግሬው አላውቅም። የዳቦውን ውጤት ዝም ብዬ ጻፍኩት። አጋ ከዘጠኝ ጎን ሊያስጋግሩት ነበር፤ ውሸቴ ሊወጣ ነበር።»

«ዘሩስ?» አለች ኤርና። «ዘሩ የት አለ?»

«ምድጃ ውስጥ።»

ሳፓርባይ እጁን እስከ ክርኑ አመድ ውስጥ ከተተ። ያወጣው ሃያ የማይሞላ የጠቆረ ፍሬ ነው። ኤርና ተቀብላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው።

በሰባተኛው ቀን ገለጠችው። አንዲትም ፍሬ አልጎነቆለችም። ኤርና መልሳ ጠቀለለችና ውሃ አርከፈከፈችበት።