ብረቱ ከተለቀቀበት አያልፍም

መምህርት አደይ የሞተችው ቅዳሜ ጧት፣ ቡሬ ውስጥ፣ በባሏ የበቆሎ መጋዘን ነው። ማጠናከሪያ ሊማሩ የመጡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሩን ገፋ ሲያደርጉ ከመሐለኛው ምሰሶ ሥር ተዘርራ አገኟት። ግንባሯ ተፈርክሷል። ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት በወፍራም ገመድ የተንጠለጠለው የሃያ ኪሎ የሚዛን ብረት ከፊቷ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እሱ ምን ያውቃል!

ብረቱን ቡሬ በሙሉ ያውቀዋል። አደይ «ሥራ፣ ፓወርና ኢነርጂ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ጭንቅላቷን ከምሰሶው ታስደግፍና ብረቱን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ትለቀዋለች። ብረቱ መጋዘኑን አቋርጦ ሄዶ ወደ ፊቷ ይመለሳል። ተማሪዎቹ ይጮኻሉ። አፍንጫዋን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ግን ቆሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ከተሰጠው ጉልበት በላይ ከየትም አያመጣም፤ ስለዚህ ከተለቀቀበት አያልፍም» ትላቸዋለች ዓይኗን ገልጣ። የመልመጃ ጥያቄዎቿን የመራዊ ተማሪዎች ሳይቀሩ በስልክ እየተቀባበሉ ይሠሯቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ወዳጅ ብቻ አያፈራም።

ኢንስፔክተር ያምሮት ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቷል። የቡሬው ሳጅን ክንዱ የሟችን ባል እጅጉን አስሮ ጨርሷል።

«ቀናተኛ ነው» አላት። «ትምህርቷን ልትቀጥል ባሕር ዳር መሄዷ ነበር። አትሄጂም እያለ ሲጨቃጨቃት ጎረቤት ሰምቷል።»

«ቀናተኛ ሁሉ ከታሰረማ እኔንስ ለምን ትተወኛለህ?» አለችው።

ቀልድ ብቻ አልነበረም። አብሯት የተመረቀ ባልደረባዋ ባለፈው ወር በማዕረግ ቀድሟት ባሕር ዳር ተዛውሯል። «እንኳን ደስ ያለህ» ስትለው ምላሷ ላይ ሬት ቀምሳለች። ቅናት ምን እንደሚያስመኝ ከራሷ ሆድ ታውቀዋለች፤ ምን እንደሚያሠራ ማወቅ ደግሞ እንጀራዋ ነው።

አጎንብሳ የአደይን ጭንቅላት አየች። ከግንባሯ ሌላ ከኋላም ተመትታለች፤ ምሰሶው ላይ በቁመቷ ልክ ደምና ጥቂት ፀጉር ተጣብቋል። ከዚያ ብረቱ ደርሶ ወደሚመለስበት ወደ ወዲያኛው ጫፍ ተራመደች። እዚያ የበቆሎ ጆንያ ተከምሯል፤ ከክምሩ ጎን የጓሮ በር አለ። ከፊተኛው ጆንያ ላይ በተጋደመች ጣውላ ጫፍ አንድ ጠመኔ እንደ ጧፍ ቆሟል።

«ይኼስ?»

«ብረቱ ከዚያ እንደማያልፍ ለማሳየት የምታቆመው ነው» አለ ክንዱ። «እህቴ እዚህ ስለምትማር አውቀዋለሁ። ብረቱ ጠመኔውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይመለሳል።»

ሰሌዳው ላይ የዕለቱ መልመጃ ተጽፏል፦ «አንድ ገበሬ ሃያ ኪሎ ውሃ ከአሥራ ሁለት ሜትር ጉድጓድ በሃያ አራት ሰከንድ ቢስብ፣ ፓወሩ ስንት ነው?» ከሥሩ ያለው ስሌት 57,600 ዋት ይላል። ያ ቁጥር በአንድ ሰያፍ መሥመር ተሰርዞ ከጎኑ 98 ተጽፏል። ያምሮት በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

እጅጉን ከታሰረበት አስጠርታ አነጋገረችው። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እቀናለሁ፤ አልደብቅዎትም። መጋዘኑን የሰጠኋት ለደግነት መሰለዎት? ከዓይኔ እንዳትርቅ ነው። ተማሪ ሲስቅላት ያመኛል። ስልኳ ሲጮህ ያመኛል።»

«ጧት የት ነበሩ?»

«በፊት በኩል በቆሎ እመዝን ነበር። ጫኞቹ ለቁርስ ስለወጡ ያየኝ የለም።»

«ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ማን አረመው?»

«የቱን ቁጥር? እኔ እኮ ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። እሷ የምትጽፈውን አይቼ ለይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ገደላት ይላሉ?»

«ገመዱ ረግቦ ረዝሞ ይሆናላ!» አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ልቅሶው ከአንጀት ነበር፤ ግን የገደለም ያለቅሳል።

ያምሮት መጋዘኑ ተመልሳ ጭንቅላቷን ከምሰሶው አስጠጋች፤ ብረቱንም እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

«ኧረ በማርያም ይተዉት!» አለ ክንዱ።

ለቀቀችው። ዓይኗን መጨፈን ግን አልሆነላትም። ብረቱ ሄደ፤ ከጠመኔው ፊት ዘወር አለ፤ እያፏጨ መጣ፤ ከአፍንጫዋ አንድ ጣት ሲቀረው ተመለሰ። ጠመኔው አልተነቃነቀም። ያምሮት ላቧን ጠረገች። ገመዱ አንዳች አልሆነም።

የሒሳብ መምህርቷ ሳሌም የአደይ ጓደኛ ናት። ማጠናከሪያውን የጀመሩት አብረው ነው።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ጠልቻት አውቃለሁ» አለች ነጠላዋን እያጠባበቀች። «በሷ ሰዓት መቀመጫ ይጠፋል። የኔ ሰዓት ሲደርስ አንዱ ራሱን ያመዋል፣ አንዱ ከብት ይጠፋበታል። ሌሊት ሌሊት ‹ምናለ አንድ ቀን ብትሳሳት› ብዬ ተመኝቻለሁ። ሞቷን ግን አልተመኘሁም።»

«ቅዳሜ አይተዋታል?»

«በማለዳ። ጥያቄውን ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። ‹በሰከንዱ ማካፈል ሲገባሽ አባዛሽው› አልኳት። ‹ልጆቹ ይያዙኝ ብዬ ነው፤ አንድ ገበሬ ውሃ እየሳበ ቡሬን በሙሉ ሲያበራ አይተው ካልሳቁብኝ አልተማሩም› አለችኝ። ዘወትር እንዲህ ነበረች፤ ሆን ብላ ስህተት ትተውላቸዋለች። ስቄ ወጣሁ።»

«ሲወጡ መልሱ ተሰርዞ ነበር?»

«ለምን ይሰረዛል? ልጆቹ ገና አልመጡም እኮ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ብረቱ ምናልባት ወደ ፊት ዘንበል ብላ ይሆን የመታት?»

የኋላው ቁስልና የምሰሶው ደም ለዚህ መልስ ነበሩ።

እሑድ አደይ ተቀበረች። ወንድሟ ባምላኩ ከገጠር ጠመንጃውን አንግቶ መጥቶ በመቃብሯ ላይ ማለ፤ እጅጉ በሕግ ቢሸሸግ የእጅጉ ወንድሞች አሉ፣ ሣልስቷ ሳይወጣ ከነሱ አንዱን አፈር አለብሳለሁ አለ። ያምሮት ከለቅሶው ድንኳን ጎን ጠርታ አነጋገረችው።

«ወንድምዓለም፣ እስከ ነገ ታገሠኝ።»

«አንቱ መንግሥት ነዎት፤ ይችላሉ» አላት መሬት መሬት እያየ። «እኔ ግን አንዲት እህት ነበረችኝ። ነገ ገዳዩን ያሳዩኝ። ካላሳዩኝ በኋላ እንዳይቀየሙኝ።»

ያምሮት ይኼ ሰው እንደማይፎክር ገባት። ከተሳሳተች ደም የሌለበት ሰው ይሞታል፤ የዚያ ሰው ልጆችም በተራቸው የባምላኩን ልጆች ይጠብቃሉ።

ቀጥላ መምህር ትዕዛዙ ቤት ሄደች። ቡሬ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አደይንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በአካባቢው ሁሉ የሚፈለጉ መምህር ነበሩ፤ አደይ ከዩኒቨርሲቲ እስክትመለስ ድረስ። በረንዳቸው ላይ የተማሪ ፈተና እያረሙ አገኘቻቸው።

«ያ የሃያ ኪሎ ክብደት ያለው ብረት...» ብላ ስትጀምር አላስጨረሷትም።

«ኪሎ የክብደት መለኪያ አይደለም፤ የመጠነ ቁስ ነው።»

«ይቅርታ ጋሼ። ያ ብረት እንዴት መታት ይላሉ?»

«ገፍታዋለቻ! ዝም ብሎ የተለቀቀ አይመታም፤ የተገፋ ግን የተገፋበትን ጉልበት ይዞ ይመለሳል። መታየት ትወድ ነበር። ይኼን ሕግ በዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያሳደግኩት ውሻ ነከሰኝ፣ ያነደድኩት እሳት ፈጀኝ ይላል ሰው...» ከአፋቸው መለስ አደረጉት። «ነፍሷን ይማር።»

«መጋዘኑ ሄደው ስታሳይ አይተዋት ያውቃሉ?»

«እኔ? እዚያ ሰርከስ ቤት እግሬን አንሥቼ አላውቅም።»

ይህን ሲሉ አንድ ተማሪ የጻፈውን 10 በሰያፍ ሰርዘው ከጎኑ 9.8 ጻፉ። «አሥር የሰነፍ ቁጥር ነው» አሉ። «የምድር ስበት ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው። ይቅለላቸው ብላ ልጆቹን በሙሉ አሥር አስለመደቻቸው።»

በማግስቱ ሰኞ፣ በሣልስቷ ቀን፣ ያምሮት ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባምላኩ ጠመንጃውን በር ላይ ለፖሊስ አስረክቦ ገባ። እጅጉ እጁ በካቴና ታስሮ ከክንዱ አጠገብ ቆመ። ሳሌም አግዳሚ ወንበር ላይ፣ መምህር ትዕዛዙ ደግሞ ለሰሌዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«ሦስት ሰው ሦስት ምክንያት ነገረኝ» አለች ያምሮት። «አንደኛው ገመዱ ረዝሞ ነው አለ። በራሴ አፍንጫ ሞከርኩት፤ አልረዘመም። ሁለተኛዋ ዘንበል ብላ ነው አለች። ጭንቅላቷ ከምሰሶው ጋር ተጣብቆ ነው የተመታችው፤ ደሙ ይኸው። ሦስተኛው ራሷ ገፍታው ነው አሉ። ክንዱ፣ እስቲ ግፋው።»

ክንዱ ብረቱን ከምሰሶው አጠገብ ሆኖ ትንሽ ገፋ አድርጎ ለቀቀውና ገሸሽ አለ። ብረቱ ከክምሩ ሲደርስ ጠመኔውን መትቶ ከጓሮ በር ድረስ አበረረው።

«አያችሁ? ራሷ ገፍታው ቢሆን መጀመሪያ የሚወድቀው ጠመኔው ነበር። የተጨመረው ጉልበት በሄደበትም በመጣበትም ይታያል። ቅዳሜ ግን ጠመኔው ቆሞ ነው ያገኘሁት።»

«መትቷት ሲመለስስ?» አለች ሳሌም።

«ጉልበቱን እሷ ላይ ጨርሶ ነው የተመለሰው፤ ከዚህ አይደርስም። እንግዲህ ብረቱ ሲሄድ እሷ የሰጠችውን ብቻ ይዞ ሄደ፤ ሲመለስ ግን የሌላ ሰው ሥራ ተጨምሮበት ነው። እዚህ፣ ከክምሩ ጎን የቆመ ሰው፣ ዓይኗን ጨፍና ሳለ ወደሷ ገፍቶታል። ሰው ነው የገደላት።»

ባምላኩ ብድግ አለ። ዓይኑ እጅጉ ላይ ነው። እጅጉም አላፈገፈገም፤ የሚሞት ከሆነ ይሙት ያለ ይመስላል።

«ተቀመጥ ወንድምዓለም፤ አልጨረስኩም» አለችው። «ገዳዩ እዚህ ሳለ አንድ ነገር ሠርቷል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ስህተት አርሟል። እጅጉ ስህተት መሆኑንም አያውቅም። መምህርት ሳሌም ሆን ተብሎ መተዉን ከሟች አፍ ሰምታለች፤ ለተማሪ የተተወ ስህተት መምህር አያርምም። አደይም ራሷ አታርመውም፤ ለልጆቹ ነው ያስቀመጠችው። ያረመው እንግዲህ ስህተት አይቶ ማለፍ የማይችል፣ የሷን ስህተት ደግሞ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። መምህርት ሳሌም፣ ትክክለኛው መልስ ስንት ነው?»

ሳሌም በቃሏ አሰላች። «ሃያ በአሥር በአሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ጁል። ለሃያ አራት ሲካፈል መቶ ዋት።»

«ሰሌዳው ግን ዘጠና ስምንት ይላል። እንግዲያ ያረመው ሰውም ተሳስቷል ማለት ነዋ!»

«አልተሳሳተም!»

መምህር ትዕዛዙ ተነሥተዋል። «በዘጠኝ ነጥብ ስምንት ስታባዢው ዘጠና ስምንት ነው! አሥር ብሎ ስበት የት...»

ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ሁሉም ዞሮ ሲያያቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እግሬን አንሥቼ አላውቅም ብለውኝ ነበር፤ ለሰሌዳውም እስካሁን ጀርባዎን ሰጥተው ነው የተቀመጡት» አለች ያምሮት። ድምፅዋ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ሽማግሌውን ታዝንላቸው ነበር። «እዚህ አገር በዚያ ቁጥር የሚያሰላ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል።»

ሽማግሌው ዞረው ሰሌዳውን አዩ።

«ልለምናት ነበር የመጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ባሕር ዳር ስትሄድ ተማሪዎቹን ለኔ እንድትተውልኝ። በጓሮ በር ስገባ እሷ በፊት በኩል ወጣ ብላ ነበር። ሰሌዳውን አየሁት። እንዴት ደስ አለኝ! ከስንት ዓመት በኋላ ያዝኳት አልኩ። አርሜ ቆየኋት። ስትመጣ አይታው ሳቀች። ‹ጋሼ፣ እሱን እኮ ለልጆቹ ነው የተውኩት፤ ግን ያዙኝ፤ ጎበዝ!› አለችኝ። እኔን ጎበዝ! ለሕፃን እንደሚባል። ከዚያ ‹ይዩልኝ፣ ያስተማሩኝን ነው የማሳየው› ብላ ከምሰሶው ተደገፈች። ብረቱ መጣ። እጄ... ትንሽ ነው የገፋሁት።»

ክንዱ የእጅጉን ካቴና ፈታው። እጅጉ እጁ መፈታቱን ያወቀ አይመስልም።

ባምላኩ ቀስ ብሎ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ክንዱ ሊይዘው ሲል ያምሮት በዓይኗ ከለከለችው። ባምላኩ ከፊታቸው ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ ብረቱ አይመታሽም ብለው በልጅነቷ ያስተማሯት አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ያንጊዜ ዓይኗን ጨፍና ነበር?»

«አልነበረም» አሉ መምህር ትዕዛዙ። «ያንጊዜ ፈርታ እጄን ይዛ ነበር።»

ባምላኩ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ተነሥቶ የእጅጉን ትከሻ ያዘና ሁለቱም ወደ ድንኳኑ ሄዱ፤ ለቀስተኛው ገና አልተበተነም ነበር።