የባሻ ተሻለ መንታ ጠርሙሶች

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ እውነት ነው። ሂርና ላይ ፍየል በቀበሌ መዝገብ ስትፈርም አየሁ ያልኳችሁን እርሱት፤ እሱ ቀልድ ነበር። ይሄኛው ግን በ1978 ዓ.ም. እዚሁ አሰበ ተፈሪ የሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ባየች ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ባላቸውን ባሻ ተሻለን በረንዳው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው አገኟቸው። ሲኒ እግራቸው ሥር ተደፍቷል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ማታ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ሰምቷል፤ ሌላው «መድኃኒቱን የምትቀዳለት እሷ አይደለችም?» አለ። በቃ። ቀትር ሳይሆን እትዬ ባየች ነጠላቸውን እንዳጣፉ እስር ቤት ገቡ።

ጉዳዩን የያዘችው ሃምሳ አለቃ ሣህሊቱ ናት። ከኪሷ ኦቾሎኒ አይጠፋም። እየፈለፈለች ትጠይቃለች፤ ሰው ሲዋሽ መፈልፈሏን ታቆማለች።

ባሻ የኮሪያ ዘማች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ እዚያው አንድ ሆስፒታል ሲጠብቁ፣ አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቀማሚ የኮሪያን ፊደል፣ ቀጥሎም ኮሪያዎች ከጥንት የተዋሱትን የቻይና ጽሕፈት አስተማሯቸው። ሲሸኟቸውም ሁለት ጠርሙስ ሰጧቸው፤ አንዱ ለሆድ የሚጠጣ፣ አንዱ ለጉልበት የሚታሽ። ጠርሙሶቹ መንታ ናቸው። የሚለያቸው ወረቀቱ ላይ ያለው የቻይና ጽሕፈት ብቻ ነው። ባሻ ደግሞ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመታቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የቀዱላቸው?» አለች ሣህሊቱ እስር ቤት ገብታ።

«እኔማ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ደግሞስ ከኔ እጅ መች ይጠጣል! የሚያውቅ ሰው ወረቀቱን ጮክ ብሎ ካላነበበለት ጠብታ አይቀምስም። ሆዱን ቢቆርጠው እንኳ ተማሪ ይጠብቃል።»

«ማታ ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ሠላሳ ዓመት የከረመ ነገር ድፋው አልኩት። በእመቤቴ፣ ምነው ራሴ በደፋሁት!»

«ባሻ በረንዳው ላይ የሚያስተምሩበት ጥቁር ሰሌዳስ?»

«ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ዓርብም ወልውዬዋለሁ።»

ሣህሊቱ መፈልፈሏን አላቆመችም።

በረንዳው ላይ ሄዳ ሰሌዳውን አየችው። አንድ ትልቅ የቻይና ጽሕፈት በጠመኔ ተጽፎበታል። አፍንጫዋን አስጠግታ እያንዳንዱን መስመር መረመረች። ጠመኔው ከታች ወፍሮ ተጭኗል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል።

ባሻ ኮሪያኛ የሚያስተምሯቸው ተማሪዎች ሁለት ናቸው። ለመስኖ ሥራ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው አንድ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ የመምረጫው ፈተና ዐሥር ቀን ቀርቶታል። አንደኛዋ ተማሪ እናትነሽ የሻይ ቤት ልጅ ናት።

«የኮሪያን ፊደል በሁለት ሳምንት ያዝኩት» አለች። «የቻይናውን ግን እምቢ አልኩ። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።»

«ባሻ አልተቆጡም?»

«አንድ ወር ሙሉ አኮረፉኝ እንጂ! ‹ፊደሉ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰጥሽ፤ ሥሩ ያለው የቻይናው ላይ ነው፤ አንዱን ብታውቂ ዐሥር ቃል ይከፍትልሻል› ይሉኛል።»

«ጠርሙሱን አንብቢ ሲሉሽስ?»

«አላውቅም እላቸዋለሁ። ከሊልን ይጠብቃሉ።»

ከሊል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ወሬኛ፣ ቀልደኛ። በአባቱ ሱቅ በር ላይ የቻይና ጽሕፈት ጽፎ የቡዳ መከላከያ ነው ስላለ፣ የገጠር ሰው እየዳሰሰው ያልፋል።

«ቅዳሜ ባሻ ዘንድ ሄደህ ነበር?»

«ኧረ ወላሂ አልሄድኩም፣ ሃምሳ አለቃ! ሱቅ ነበርኩ።»

መፈልፈሏ ቆመ።

ባሻ ዓይናቸው ሳይጠፋ የጻፉትን የቻይና ጽሕፈት ደብተር ሰጠችው። አንድ ገጽ ሙሉ ሳይደናቀፍ አነበበላት። እሷ ግን ደብተሩን ትታ ዓይኑን ነበር የምታየው፤ በየጽሕፈቱ ግርጌ ግርጌ ይሮጣል።

«ጎበዝ» አለችው። «እትዬ ባየች ሲያስሉ አደሩ። እስር ቤቱ ይበርዳል።»

የጨርቁ ሜትር ከእጁ ወደቀ። አነሳው። እንደገና ወደቀ።

ሰኞ ዕለት ሣህሊቱ ሁሉንም የባሻ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ባየች በፖሊስ ታጅበው መጡ። ጎረቤት አጥሩን ሞላው። ከባለሙያዎቹ በዕድሜ የገፉት ጓድ ኦም ጠርሙሶቹን አይተው ሲናገሩ እናትነሽ ተረጎመች፤ «ይሄ የሚጠጣ ነው። ይሄኛው ለመታሻ ብቻ፤ ከመርዘኛ ሥር ነው፤ ከጠጡት ልብ ያቆማል።» የጎደለው የመታሻው ነበር።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ሣህሊቱ። «ባሻ ሳይነበብላቸው አይጠጡም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው አንብቦላቸዋል። እትዬ ባየች ዓርብ ማታ የወለወሉት ሰሌዳም ተጽፎበታል። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። እናትነሽ ‹አላውቅም› ስትል ነው የኖረችው፤ አነብልዎታለሁ ብትል ባሻ አያምኗትም። የቀረው አንድ ነው።»

«እኔ የሚጠጣውን ከሚታሸው መለየት ያቅተኛል?» አለ ከሊል። «ወይስ ሆን ብዬ ገደልኳቸው ነው የምትይው?»

«እሱን ነው የማጣራው።» ደብተሩን ከፈተች። በየጽሕፈቱ ሥር ባሻ በደቃቁ የኮሪያ ፊደል ንባቡን አስቀምጠዋል። ያንን በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። «አንብብ።»

የከሊል ዓይን ወደ ግርጌው ሮጠ፤ እዚያ ያለው አውራ ጣቷ ነው።

«ቀጣዩንስ?»

አንገቱን አዘንብሎ በጣቷ ጠርዝ ሊያጮልቅ ሞከረ።

«ይህ ልጅ የቻይናውን አንድም አያውቅም፤ ግርጌውን ነው የሚያነበው። ሰሌዳውን እዩት። ጓድ ኦም፣ ይህ መስመር ከየት ይጀመራል?»

«ከላይ ወደ ታች» ብላ እናትነሽ መልሳቸውን ተረጎመች።

«ይሄኛው ከታች ተጀምሯል። የጻፈው ሰው ከደብተሩ ሥዕል እንደሚገለብጥ ነው የገለበጠው። ባሻ ዓይን ስለሌላቸው የመስመሩን ብዛት በጠመኔው ድምፅ ቆጥረው ነበር የሚያርሙት። ቁጥሩ ልክ መጣላቸው፤ ረኩ። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ‹አንብብልኝ› አሉት። ጠርሙሱ ላይ ግርጌ የለም። አላውቅም ማለት አፈረ። አንዱን አንስቶ ‹የሚጠጣው ይሄ ነው› አላቸው።»

ከሊል እጁን አነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አንድ ሁለት ጊዜ በግምት ልክ መጥቶልኝ ነበር። ጠጥተው ‹ተባረክ፣ አንተ ነህ የኔ ዓይን› አሉኝ። ከዚያ ከንፈራቸው ደነዘዘ። ሮጥኩ። አላውቅም ካልኩ ፈተናውን ይከለክሉኛል ብዬ ነው የዋሸኋቸው።»

እናትነሽ ይህን ለጓድ ኦም ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው መለሱ። እናትነሽ ወደ ከሊል ዞራ ተረጎመች።

«ይህን ጽሕፈት የማውቀው በልጅነቴ ስለተማርኩ ነው ይላሉ። በሰሜኑ በኩል ከተውነው ቆይቷል፤ ፈተናው ላይም የለም ይላሉ።»

እትዬ ባየች ተነስተው ከሊል ፊት ቆሙ። የሚመቱት መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

«አላውቅም ብትለው እኮ ያኮርፍህ ነበር» አሉት። «አንድ ወር። ከዚያ ይረሳዋል።»

ታሪኩ ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ፤ ከሊል እጁን አላነሳም። እትዬ ባየች ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩት እንኳ አላነሳም። ሃምሳ አለቃዋ ናት ክንዱን ጨምድዳ ያስነሳችው። እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ ክንዱ የኔ ነበር።