ሁለት ሽቦ ያለው ሁሉ

መርሳ ላይ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ የሚጠራው ሙሄዲን ነው። ብርቱካንና ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ አመል ግን አለው፤ ሁለት ሽቦ ያለው ዕቃ እጁ ከገባ በመኪና ባትሪ ሳይነካካ አይተወውም። "ማቅመስ" ይለዋል። የሚበራው ይበራል፣ የሚሽከረከረው ይሽከረከራል፣ ዝም ያለው ይጣላል።

ከጦርነቱ በኋላ በውርጌሳ በኩል፣ ገደል ውስጥ፣ የሚሳኤል ማስወንጨፊያ አጋዥ ነው የተባለ የወታደር መኪና ተጥሎ ቀርቶ ነበር። የሚስቱ ወንድም ዓሪፍ ከዚያ መኪና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወፍራም ገመድና ፊውዝ እየፈታ ያመጣለት ጀመር። የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ሽማግሌዎች ከጦር ሜዳ የቀረ ነገር አትንኩ፣ ለሚሊሻ ጠቁሙ ብለው ቢለፈልፉ ማን ሰምቷቸው! የሙሄዲን ሚስት ዘይነባም ብትቆጣው መልስ አላጣም።

"ይኼ እኮ ጥይት አይደለም፤ የመብራት ዕቃ ነው። የጦር ዕቃ ደግሞ ጥራት አለው" አላት።

የጎረቤታቸው የዓቢዳ ፓምፕ በዚያው መኪና ማብሪያ ስለተነሳ ደግሞ ጭራሽ ልቡ አበጠ።

አንድ ቀን ዓሪፍ ጣት የሚያካክሉ፣ ሁለት ሁለት ሽቦ ያላቸው ሁለት የብረት ቀፎዎች ይዞ ወደ ሙሄዲን መሥሪያ ቦታ መጣ። ሙሄዲን አንዱን ለልጁ ለሉብና ሰጣት፤ ለሳይንስ ትምህርቷ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነገር እንድታዘጋጅ ታዝዛ ነበር። ሉብና አቀርቅራ ተቀበለችና ወደ ቤት ሄደች። ሌላውን ዓሪፍ በመዳፉ ያዘ።

"አብሽር፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ" አለው ሙሄዲን፣ ሽቦውን ከባትሪው እያስጠጋ።

የሆነውን ለመናገር ይዘገንናል፤ ቀፎው ፈነዳ። ጭሱ ሲገለጥ ዓሪፍ ጣቶቹ የነበሩበትን ቦታ እያየ ቆሞ ነበር። የጮኸው ሙሄዲን ነው።

ወልድያ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ የተቆረጡትን ሦስት ጣቶች መልሶ መቀጠል እንደማይቻል ለሙሄዲን ነገረው። ነገሩ የፈንጂ መቀስቀሻ ሳይሆን እንደማይቀርም ጨመረና፣ "ሌላ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀው።

ሉብና ትዝ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ለዘይነባ ደወለ፤ አታነሳም። ወደ መርሳ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ሲሪንቃን እስኪያልፍ ደወለ፤ አታነሳም። "ያ ረቢ፣ በገዛ እጄ" እያለ ሲያለቅስ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው።

ሉብናን ደጃፍ ላይ ቆማ አገኛት። እጆቿን ለቀም አድርጎ ጣቶቿን ዳሰሰ። ሁሉም አሉ። ቀፎውን ከአጥር ውጭ አስቀምጣ፣ ሰው እንዳይነካው በእሾህ ከልላዋለች፤ እናቷም ስልኳን ቤት ጥላ ሚሊሻ ልትጠራ ሮጣለች።

"እንዴት አወቅሽ?" አላት።

"የማናውቀውን ብረት እንዳንነካ አስተማሪያችን ነግራናለች። እዚያው ልነግርህ ነበር አባዬ። አጎቴ ፊት አባቷን አረመች እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልሁ።"

በቀጣዩ የቅሬ ስብሰባ ሙሄዲን ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ ልጁን አስነሣና ትምህርት ቤት የተማረችውን እንድትናገር አደረገ። እሱ ከዓሪፍ አጠገብ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ወገኖቼ፣ የጦር ዕቃ መለዋወጫውም ቢሆን ያው የጦር ዕቃ ነው፤ አትንኩት፣ ጠቁሙ። ልጆቻችሁም "ተው" ሲሏችሁ ነውር ነው አትበሉ። ሉብና ያን ቀን አፏን ብትከፍት ኖሮ ዓሪፍ ዛሬ በሙሉ ጣቶቹ ይጎርስ፣ ይሠራ ነበር፤ አፏን የዘጋናት ግን እኛው ነን።